የእቴጌ ምንትዋብ ታሪክና ከእመቤታችን እግር በታች የተሣለው መልካቸው

በዓለም የሚነግሥ ሰው ሁሉ ስሙና መልኩ ከሞተ በኋላ እንዲታሰብለት ይወዳል። ስለዚህ አንዱ መልኩን በዕብነ በረድ ያስቀርጻል፤ አንዱ በወርቅና በብር ገንዘብ ላይ ያስመታል፤ አንዱም በፈረስ ላይ እንደ ተቀመጠ ምስሉን በአደባባይ ያቆማል። በጎንደር ከልጃቸው ጋራ ዘውድ ደፍተው የነገሡት እቴጌ ምንትዋብ ግን መልካቸውን ያኖሩት በአደባባይ አይደለም፤ ከእመቤታችን ከቅድስት ድንግል ማርያም እግር በታች ነው እንጂ። የቍስቋም ቤተ መንግሥታቸው ፈርሷል፤ ዙፋናቸውም ለሌላ አልፏል፤ ያ ሥዕል ግን እስከ ዛሬ ይታያል። የእኒህ ንግሥት ሥዕል ያለ ታሪካቸው፥ ታሪካቸውም ያለ ሥዕላቸው በሙሉ አይገባምና፥ ሁለቱን አንድ አድርጎ መናገር ይገባል።

እቴጌ ምንትዋብ የተወለዱት ከጣና ባሕር በስተ ምዕራብ ባለችው በቋራ አገር ነው። እናታቸው ወይዘሮ እንኮዬ ይባላሉ፤ በእናታቸውም በኩል ከዐፄ ሚናስ ዘር እንደሚወለዱ ይነገራል። ሦስት ስም ነበራቸው፤ ሦስቱም ሦስት መልክ ያሳያሉ። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ ነው፤ ይህ ስም በቤተ ክርስቲያን በጸሎት የሚጠሩበት ነው። ሕዝብ የሚያውቃቸው ምንትዋብ በሚለው ስም ነው፤ ይህም ስለ ቁንጅናቸው የተሰጠ የአድናቆት ስም ነው። የመንግሥት ስማቸው ደግሞ ብርሃን ሞገሳ ነው፤ ትርጓሜውም ሞገሷ ብርሃን የሆነ ማለት ነው። እንግዲህ በመጀመሪያው ስም ምእመን፥ በሁለተኛው ሴት ወይዘሮ፥ በሦስተኛው ንግሥት ሆነው ይታያሉ። ሠዓሊው መልካቸውን በሣለ ጊዜም ሦስቱን በአንድ ሥዕል አገናኝቷል።

ከ1713 ዓመተ ምሕረት ጀምሮ በጎንደር የነገሡት ዐፄ በካፋ ልብሳቸውን ለውጠው በየአገሩ እየዞሩ የሕዝቡን ኑሮ ይመረምሩ ነበር ይባላል። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው፥ እንዲሁ ሲዞሩ በቋራ ሕመም ጸናባቸውና በአንድ ባላባት ቤት ተኙ፤ የቤቱ ልጅ ምንትዋብም ንጉሥ መሆናቸውን ሳታውቅ በትጋት አስታመመቻቸው። ንጉሡም ከዳኑ በኋላ ውለታውን አልዘነጉምና ወደ ጎንደር አስመጥተው አገቧት። ዝርዝሩ እንዴትም ቢሆን፥ ምንትዋብ የዐፄ በካፋ ሚስት ሆነው ኢያሱ የተባለውን ልጅ ወለዱ። ከዚያም ወዲህ የጎንደር ቤተ መንግሥት ታሪክ ከቋራ ዘመዶቻቸው ታሪክ ጋራ ተሳሰረ።

በ1723 ዓመተ ምሕረት መግቢያ ዐፄ በካፋ ዐረፉ። ልጃቸው ኢያሱ በዚያን ጊዜ ሰባት ዓመት ያህል ቢሆነው ነው። ሕፃን ሲነግሥ እናት ወይም አያት መንግሥቱን መጠበቅዋ በኢትዮጵያ እንግዳ ነገር አልነበረም፤ ዐፄ ልብነ ድንግል በሕፃንነት በነገሡ ጊዜ እቴጌ እሌኒ በጥበባቸው መንግሥቱን ጠብቀዋል፤ ከእርሳቸውም በኋላ እቴጌ ሰብለ ወንጌል በግራኝ ጦርነት ዘመን ትልቅ መከራ ችለው ለልጆቻቸው ጋሻ ሆነዋል። ምንትዋብ ግን ከዚህ አልፈው ሄዱ። በዚያው በ1723 ዓመተ ምሕረት እርሳቸው ራሳቸው በሥርዓት ዘውድ ደፍተው፥ የመንግሥት ስም ወስደው፥ ከልጃቸው ጋራ በአንድነት ገዥ ሆኑ። አዋጁ በሁለቱ ስም ይነገር ነበር፤ የርስት ስጦታውም በሁለቱ ስም ይጻፍ ነበር። እንግዲህ ዘውዱ የእናት ጌጥ መሆኑ ቀርቶ የገዥ ምልክት ሆነ።

ይህ ነገር ሁሉንም ሰው ደስ አላሰኘም። የቀድሞው ንጉሥ ሹማምንት፥ ሕፃን በዙፋን ሴትም በአልጋ ሆነው፥ የቋራ ሰዎች ደግሞ ሹመቱን ሁሉ ይዘው ባዩ ጊዜ ልባቸው ሸፈተ። የእቴጌይቱ ወንድም ወልደ ልዑል፥ ኋላ ራስ የተባሉት፥ የመንግሥቱ ዋና ምሰሶ ነበሩ። በ1725 ዓመተ ምሕረት ዓመፀኞች ሌላ የንጉሥ ዘር አንግሠው ጎንደርን ከበቡ፤ እቴጌይቱና ሕፃኑ ንጉሥም በግንቡ ውስጥ ተዘጉ። እናትና ልጅ በቅጥር ውስጥ ሆነው የጥይትና የእሳት ድምፅ እየሰሙ ብዙ ቀን ቆዩ። በመጨረሻው ከጎጃምና ከዳሞት ወገን የመጣ ጦር ደርሶ ከበባውን ሰበረው፤ ዓመፁም ጠፋ። ከዚያ ወዲያ እቴጌይቱ ዘውድ ብቻውን እንደማያድን በሚገባ ያወቁ ሰው ሆኑ።

ከከተማው በስተ ሰሜን ምዕራብ ባለው ተራራ ላይ ለእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ ስሙም ደብረ ፀሐይ ቍስቋም ተባለ። ቍስቋም በላይኛው ግብፅ ያለ ቦታ ነው፤ እመቤታችን ሄሮድስ ሕፃኑን ሊገድል በፈለገ ጊዜ ልጇን ይዛ ተሰዳ ያረፈችበት ነው። ቤተ ክርስቲያናችንም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ዘመነ ጽጌን በማኅሌት ካከበረች በኋላ በኅዳር 6 የቍስቋምን በዓል ታከብራለች። ስለዚህ የዚህ ደብር ስም በከንቱ የተመረጠ አይመስልም። ልጅዋን ከሚገድሉት ሰዎች እጅ ያዳነች እናት፥ ልጇን ይዛ ከተሰደደችው እናት ዘንድ መጠጊያ ፈለገች። ልብ ያለው ሰው የደብሩን ስም ሲሰማ የከበባውን ቀኖች ያስታውሳል።

ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ቤተ መንግሥትና አዳራሽ ታነጸ፤ በዙሪያውም ቅጥር ከነግንቡ ተሠራለት። በግድግዳው ላይ ከቀይ ድንጋይ የተጠረቡ መስቀሎችና የእንስሳት ምስሎች ዛሬም በፍርስራሹ ላይ ይታያሉ። በፋሲል ግቢም ውስጥ በስማቸው የሚጠራ ግንብ አለ። ከግንቡ ይልቅ ግን የሚበልጠው የሰጡት ርስተ ጉልት ነው። ካህናቱና ደባትሩ ያለ ሐሳብ እንዲያገለግሉ መሬት ተቈረጠላቸው፤ መጻሕፍት ተጻፉ፤ ንዋየ ቅድሳት ተሠሩ። የደብሩም የመሬት መዝገብ ለዘመኑ የርስት ሥርዓት ዋና ምስክር ሆኖ ቀርቷል። ማሕሌቱ የሚቆመው፥ ቅኔው የሚዘረፈው፥ ተማሪው የሚማረው መተዳደሪያ ሲኖር ነውና፥ እቴጌይቱ ይህን በሚገባ ያውቁ ነበር።

የሥዕል ሥራም በእርሳቸው ዘመን አዲስ መልክ ያዘ። ከዚያ በፊት በጎንደር የነበረው አሣሣል ቀለሙ ብሩህ፥ መሬቱ ባዶ፥ የልብሱም እጥፋት በመስመር ብቻ የሚታወቅ ነበር። በእቴጌ ምንትዋብና በዐፄ ኢያሱ ዘመን ግን የፊቱ ሥጋ በጥላ ይሞላ ጀመር፤ ጉንጩ ድቡልቡል ሆነ፤ በስተ ኋላ ያለውም መሬት በቢጫ በቀይና በአረንጓዴ ቀለም ተሸፈነ፤ ልብሱም እንደ ውጭ አገር ግምጃ በአበባ ተዥጐረጐረ። ሠዓሊዎቹ በቤተ መንግሥት የሚያዩትን የሐርና የግምጃ ልብስ ለቅዱሳኑ አለበሱ። በሮም ከታተመው የዐረብ ወንጌል ሥዕሎችም አንዳንዱን ነገር ወስደው በኢትዮጵያ መልክ ለወጡት። ሥዕሉንም አብዛኛውን ጊዜ በጥጥ ሸማ ላይ ሥለው በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ይለጥፉት ነበር። ስለዚህ የጎንደር ሥዕል ከግንቡ ድንጋይ ይልቅ ለእርጥበት፥ ለጢስና ለምስጥ የቀረበ ነው፤ ዕድሜውም በጠባቂዎቹ እጅ ነው።

እቴጌይቱ ከሠሯቸው አብያተ ክርስቲያናት አንዱ በጣና ባሕር ውስጥ ከደቅ ደሴት አጠገብ ያለው ናርጋ ሥላሴ ነው። ከጎንደር ወደዚያ የሚሄድ ሰው የደንቢያን ሜዳ አልፎ ወደ ባሕሩ ወርዶ በታንኳ መሻገር ነበረበት። በዚህ በራቀ ስፍራ፥ የመንግሥት ጩኸት በማይሰማበት፥ የእቴጌ ምንትዋብ መልክ ተሥሎ ይገኛል። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች፤ እቴጌይቱም በክብር ልብስ ተሸልመው ከእግሯ በታች ተደፍተዋል። የሥዕሉ ትልቅነት ሁሉ ለእመቤታችንና ለልጇ ነው፤ ንግሥቲቱ ግን ዝቅ ያለውን ስፍራ ይዘዋል።

ይህን ሥዕል የሚያይ እንግዳ ሰው ንግሥቲቱ የተደፉት ሴት ስለ ሆኑ ይመስለው ይሆናል፤ እንዲህ አይደለም። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ሥዕል ያሣለ ሰው፥ ንጉሥም ቢሆን መስፍንም ቢሆን ካህንም ቢሆን፥ እንዲሁ ተደፍቶ በሥዕሉ ግርጌ ይሣላል። ስሙም በአጠገቡ ይጻፋል፤ ይህም ተማኅፅኖ ነው። ሠዓሊው የሚሥለው የሰውየውን መልክ ትክክል አስመስሎ ለማሳየት አይደለም፤ ያ ሰው በእግዚአብሔር ፊት ምን ሆኖ እንደ ቆመ ለማሳየት ነው እንጂ። ጻድቁን በሁለት ዐይን፥ ክፉውን በአንድ ዐይን የሚሥል የአበው ሥርዓት የአፍንጫንና የከንፈርን ልክ አይመረምርም። ስለዚህ ከናርጋው ሥዕል የእቴጌ ምንትዋብን የፊት መልክ ለማወቅ የሚደክም ሰው ብዙ አያተርፍም፤ ልባቸውን ለማወቅ የሚፈልግ ግን ብዙ ያገኛል።

ቅኔ የሚያውቅ ሰው ደግሞ በዚህ ሥዕል ሰምና ወርቅ ያያል። ሰሙ ትሕትና ነው፤ ንግሥቲቱ እንደ ማንኛዪቱም ምእመን በአፈር ላይ ወድቀዋል። ወርቁ ግን መንግሥት ነው፤ ከእመቤታችን እግር አጠገብ ለመሣል የበቃ፥ ደብሩን ያነጸ፥ ስሙም በመቅደስ የተጻፈ ማነው? ሥዕሉ በአፉ ባሪያ ነኝ እያለ በልቡ ንግሥት ነኝ ይላል። ይህ ግብዝነት አይደለም፤ ሁለቱም እውነት ናቸው። ሴት ናትና አትገዛም ለሚሉ ሰዎች መልሱ ይህ ነበር፤ እናት ሆና ልጇን ያቀፈችው ድንግል የሰማይና የምድር ንግሥት ከተባለች፥ ልጇን አቅፋ መንግሥት የጠበቀች እናት ደግሞ በእግሯ ጥላ ሥር ትገኝ ዘንድ ማን ይከለክላታል? ስለዚህ ሥዕሉ ጸሎትም ነው፤ አዋጅም ነው።

በዚያው ዘመን በኤውሮጳም ሴቶች ነግሠው ነበር። በኦስትሪያ ማሪያ ቴሬዛ በኤውሮጳ አቈጣጠር ከ1740 እስከ 1780፥ በሩሲያም ካተሪን ሁለተኛዋ ከ1762 እስከ 1796 ገዝተዋል። የእነዚህ ንግሥታት ሠዓሊዎች የሚሥሏቸው ዘውድና በትረ መንግሥት አስይዘው፥ ቀጥ አድርገው አቁመው፥ የሚያያቸው ሰው ቀና ብሎ እንዲያይ አድርገው ነው። የሚገርመው ነገር ግን የማሪያ ቴሬዛ መልክ በብር ላይ ተመትቶ ባሕር ተሻግሮ ወደ ኢትዮጵያ መግባቱ ነው። ያ ብር ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላ እንኳ 1780 የሚለውን ቁጥር ሳይለቅ ሲመታ ኖረ፤ በአገራችንም ማርትሬዛ ወይም ጠገራ ብር ተብሎ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት ድረስ ዋና መገበያያ ሆነ። እንዲህ ከሆነ የጎንደር ነጋዴ የጨው አሞሌውንና ቡናውን ሲሸጥ በመዳፉ የሚቈጥረው የባዕድ ንግሥት ፊት ነበር፤ የገዛ አገሩ ንግሥት ፊት ግን በገበያ አልዞረም፤ የሚገኘው ጫማውን አውልቆ ሲገባ በቤተ መቅደስ ብቻ ነበር። አንዱ መልክ ለመግዛትና ለመሸጥ፥ ሁለተኛው ለመጸለይ ሆነ።

የእቴጌ ምንትዋብ ዘመን ግን ሁሉ ሰላም አልነበረም፤ ጉድለትም ነበረበት። ዐፄ ኢያሱ ካደጉ በኋላ ከመንግሥት ሥራ ይልቅ አደን የሚወዱ ሆኑ። በ1736 ዓመተ ምሕረት ወደ ስናር ዘመቱ፤ ጦራቸውም ተሸነፈ። ከሁሉ የሚከፋው ግን ንጉሡ ሲዘምቱ ከፊታቸው የሚሄደው ኵርዓተ ርእሱ የተባለው የጌታችን ሥዕል በጠላት እጅ መማረኩ ነው። በኋላ በብዙ ወርቅ ተዋጅቶ ተመለሰ፤ ሕዝቡ ግን ሥዕሉ በተማረከ ጊዜ መንግሥት ራሱ የተማረከ ያህል አለቀሰ። ከዚህ ታሪክ ሥዕል ለጎንደር ሰው ጌጥ ብቻ እንዳልነበረ ይታወቃል።

ሁለተኛው ጉድለት የዘመድ ሹመት ነው። እቴጌይቱ ከዓመፁ በኋላ ከወንድማቸውና ከቋራ ወገኖቻቸው በቀር ብዙ ሰው አላመኑም። ለልጃቸውም ከኦሮሞ ባላባት ወገን ውቢት የተባሉትን ወይዘሮ አጋቡ፤ ይህ ጋብቻ ኃይለኛ የሆነውን ወገን ወደ መንግሥት ለማቅረብ የታሰበ ነበር። ዳሩ ግን በ1747 ዓመተ ምሕረት ዐፄ ኢያሱ ሲሞቱ ልጃቸው ኢዮአስ ገና ሕፃን ነበሩና፥ አያቲቱ እንደ ቀድሞው መንግሥቱን ልጠብቅ ሲሉ እናቲቱም ደግሞ እርሳቸው እንዳደረጉት እኔም ለልጄ ላድርግ አሉ። ምንትዋብ ለሌሎች ያሳዩት ምሳሌ በራሳቸው ላይ ተመለሰ። የቋራ ወገንና የእናቲቱ ወገን በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ሆነው ይተያዩ ጀመር። ራስ ወልደ ልዑል ሁለቱን ወገን በትዕግሥት ያስታርቁ ነበር፤ በ1759 ዓመተ ምሕረት ሲሞቱ ግን አስታራቂ ጠፋ።

ከትግሬ ራስ ሚካኤል ስሑል ጦራቸውን ይዘው ወደ ጎንደር መጡ። የእቴጌይቱ ልጅ ወይዘሮ አስቴርም ራስ ሚካኤልን አገቡ፤ እቴጌይቱም መከታ ይሆናሉ ብለው ተስፋ አድርገው ነበር። ኃይለኛ ሰው ግን የአማቹን አልጋ ለአማቹ ሊጠብቅ አይመጣም። በ1761 ዓመተ ምሕረት ዐፄ ኢዮአስ በራስ ሚካኤል ትእዛዝ ተገደሉ። ንጉሥ በገዛ አገልጋዩ እጅ የሞተበት ይህ ዓመት የዘመነ መሳፍንት መጀመሪያ ተብሎ ይቈጠራል፤ ከዚያ ወዲህ እስከ 1847 ዓመተ ምሕረት ድረስ ነገሥታቱ በስም ብቻ ኖሩ፤ ሥልጣኑም ጦር ባላቸው መሳፍንት እጅ ገባ።

እቴጌ ምንትዋብ ልጃቸውንም የልጅ ልጃቸውንም ቀብረው በቍስቋም ተቀመጡ። ሠላሳ ዓመት ከሚበልጥ ዘመን በፊት በከበባ ያዳኑት ዘር በፊታቸው አለቀ። አሁን ከእመቤታችን እግር በታች መደፋት በሠዓሊ እጅ የተሠራ ምልክት መሆኑ ቀርቶ የየቀኑ ኑሯቸው ሆነ። በ1762 ዓመተ ምሕረት ጄምስ ብሩስ የሚባል የስኮትላንድ ሰው ወደ ጎንደር በመጣ ጊዜ በቍስቋም ተቀብለው አስተናገዱት፤ በቤተ መንግሥታቸው በፈንጣጣ የታመሙትንም ልጆች አስታመመ። የጻፈውም መጽሐፍ የእቴጌይቱን ስም በኤውሮጳ እንዲታወቅ አደረገ። እቴጌይቱ በ1765 ዓመተ ምሕረት ዐረፉ፤ በዚያው በቍስቋም ተቀበሩ። አፅማቸውም ከልጃቸው ከዐፄ ኢያሱና ከልጅ ልጃቸው ከዐፄ ኢዮአስ አፅም ጋራ በአንድነት ይገኛል።

ከዕረፍታቸው በኋላ የመጣው መከራ በሥራቸው ላይ ወረደ። በ1859 ዓመተ ምሕረት ዐፄ ቴዎድሮስ ጎንደርን በዘረፉ ጊዜ የአብያተ ክርስቲያናቱ ንዋየ ቅድሳት ወደ መቅደላ ተወሰደ። በ1860 ዓመተ ምሕረትም የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ከዚያ የተገኙት መጻሕፍት፥ ከእነርሱም ጋራ ኵርዓተ ርእሱ ራሱ፥ ከአገር ወጡ። በ1880 ዓመተ ምሕረት ደግሞ ድርቡሾች ወደ ጎንደር ገብተው አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠሉ፤ ቍስቋምም ተቃጠለች። ደብረ ብርሃን ሥላሴ በእግዚአብሔር ቸርነት ተረፈች። በቍስቋም መቅደስ የነበረው የእቴጌይቱ ዘመን ሥዕል በእሳት ሲጠፋ፥ በባሕር የተከበበው የናርጋ ሥዕል ግን ዳነ። በከተማው አጠገብ የተሠራው ታላቁ ጠፋ፤ በራቀው ደሴት ላይ የተሠራው ቀረ። በኋላ የቍስቋም ቤተ ክርስቲያን እንደገና ተሠራች፤ የቤተ መንግሥቱም ፍርስራሽ ከፋሲል ግቢ ጋራ በ1972 ዓመተ ምሕረት በዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ።

ከእቴጌ ምንትዋብ በኋላ በኢትዮጵያ የነገሡት ሴቶች መልክ በሌላ መንገድ ታየ። እቴጌ ጣይቱ ብርሃን ዘኢትዮጵያ ተብለው ሲሰየሙ ስማቸው የብርሃን ሞገሳን ስም ያስታውሳል፤ መልካቸው ግን በፎቶግራፍ ተነሥቶ በዓለም ሁሉ ተበተነ። በ1909 ዓመተ ምሕረት ዘውድ የደፉት ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱም በፎቶግራፍና በፖስታ ቴምብር ላይ ታይተዋል። ፎቶግራፍ የፊትን ልክ ያስቀራል፤ ቴምብርም የመንግሥትን ስም ያደርሳል። ሆኖም ሁለቱም ሰውየው በማን ፊት እንደ ቆመ አይናገሩም። የናርጋው ሥዕል የፊታቸውን ልክ ባይነግረንም በማን ፊት እንደ ወደቁ ይነግረናል።

እንግዲህ የምድር ገዥ በቤተ መቅደስ መሣሉ ተገቢ ነውን ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ ከዚሁ ሥዕል ይገኛል። ምእመን ወደ መቅደስ ገብቶ በእመቤታችን ሥዕል ፊት ሲሰግድ ለእቴጌይቱ አይሰግድም፤ ይልቁንም እቴጌይቱ ከእርሱ ቀድመው ሲሰግዱ ያገኛቸዋል። ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ በዚያ ስፍራ ከድሀውም ከባለጸጋውም ጋራ አብረው ይሰግዳሉ። ልጇ የታመመባት እናት በዚያ ስትወድቅ ከአጠገቧ ልጇን ያጣች ንግሥት አለች። ቆሞ ለመታየት የተሣለ ገዥ ዘመኑ ሲያልፍ ምስሉ ይገረሰሳል፤ ተደፍቶ የተሣለን ግን ማንም ሊጥለው አይችልም።

ከዚህ ታሪክ ካህናትና ምእመናን ሁለት ነገር ይማራሉ። አንደኛው፥ ሹመትና ክብር የተሰጠው ሰው ስፍራውን ማወቅ ነው፤ እቴጌ ምንትዋብ በአስተዳደራቸው ቢሳሳቱም በሥዕላቸው ስፍራቸውን አልሳቱም። ሁለተኛው፥ አበውና እመው ያስረከቡንን ሥዕል መጠበቅ ነው። የአሮጌ ሥዕል ቀለም ደበዘዘ ተብሎ በፋብሪካ ቀለም ቢሸፈን የአባቶች ጸሎት ይጠፋል፤ ጣራው ሲያፈስ ዝም ቢባል እርጥበቱ ሸማውን ከግድግዳው ይገነጥለዋል፤ የጧፉም ጢስ በቸልታ ከተተወ መልኩን ያጠቁራል። ለገንዘብ ብሎ የሚሸጠው ሰው ደግሞ ከድርቡሽ እሳት የተረፈውን በገዛ እጁ ያጠፋል። ጣራ መጠገን፥ ጧፍ ከሥዕሉ አርቆ ማብራት፥ የአሮጌውን ሥዕል እድሳት ዕውቀት ላለው ሰው ብቻ መስጠት፥ በደብሩ ያለውንም ሁሉ በመዝገብ መጻፍ የአለቃውም የምእመናኑም ሥራ ነው። ሥዕሉን የሣለው ሰው ስሙ እንኳ ባይታወቅ ሥራው እስከ ዛሬ ያስተምራልና፥ የሚጠብቀውም ሰው ዋጋው በእግዚአብሔር ዘንድ አይጠፋም።

አምላከ ኢያሱ፥ አምላከ ኢዮአስ፥ የእቴጌ ወለተ ጊዮርጊስን ነፍስ በአብርሃም በይስሐቅ በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን። ደብራችንንም ከእሳትና ከዘራፊ፥ ከቸልታም ይጠብቅልን። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት ከሁላችን ጋራ ይሁን፤ ለዘለዓለሙ አሜን።